የማያልቀው የጓሮ ጎጆ መሠረት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለአያ አምሐ አላምረው፤

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ፍሬ እንዴት ናት? ልጃችሁ መቅደላዊትስ ትምህርቷን እንዴት ይዛለች? የካምፓላው ዝናብ፣ የሆቴሉ ሥራ፣ ሁሉ እንዴት ይዞሃል? እኛ ቸሩ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደኅና ነን። ከናፍቆትህና ከጎጆህ መሠረት በስተቀር ሌላ ችግር የለብንም።

ምነው በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። ማታ ስትደውል አባባ የስልኩን ድምፅ ከፍ አስደርገው ከጆሯቸው ሥር ያስቀምጡታል፤ ትንፍሽ ማለት አልችልም። ቀን ስደውልልህ ሥራ ላይ ነኝ ትለኛለህ። በቴሌግራም ብጽፍልህ ሳታነበው አውራ ጣት ትልክልኛለህ። ስለዚህ የጎረቤታችን የሐጂ ዐብዱረሕማን ልጅ ኡዘይር ለንግድ ወደ እናንተ ሊመጣ መሆኑን ስሰማ፣ በእጁ ልስደድልህ ብዬ ወረቀት አነሣሁ። እባክህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ከመስቀል በኋላ ያልከኝን ታስታውሳለህ። «ዘንድሮም መምጣት አይሆንልኝም፤ አባባ ዓይናቸው እየደከመ ቤት ውስጥ ከሚቆዝሙ፣ በእኔ ፈንታ ጓሮው ላይ የሚቀመጡበት ጎጆ አሠሪላቸው» አልከኝ። አንተ ጋዜቦ አልከው፤ የሆቴላችሁን የአትክልት ቦታ ቪዲዮም ላክህ፤ ስድስት ማዕዘን፣ የእንጨት ምሰሶ፣ ዙሪያውን አበባ። እኔም ሸጋ ነው አልኩ። ምነው ያን ቀን አፌን በያዘኝ!

መጀመሪያ የአንተን ምክር ሰማን። «ትንሽ ነገር ናት፤ መሬቱን ጠርጋችሁ ሲሚንቶ አፍስሱበትና ምሰሶውን አቁሙ» አልክ። አያ አምሐ፣ የጓሯችን አፈር ዋልካ መሆኑን ካምፓላ ገብተህ ረሳኸው እንዴ? በልጅነታችን ክረምት ክረምት ጫማችንን እየነጠቀ የሚያስቀረው አፈር አይደለም? ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የኅዳር ዝናብ ሳይታሰብ ጣለና ያ ያማረው ሲሚንቶ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ አንዱ ወገን ወደ ላይ ተነሣ። አባባ በመቋሚያቸው ስንጥቁን እየዳሰሱ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉኝ። የቸኮልከው አንተ፣ የለቀምኩት እኔ።

ከዚያ የኮሶዬውን ግንበኛ ማሩን አስጠራሁ። ዋልካውን እስከ ጠንካራው መሬት ድረስ ቆፍረን ልናወጣ፣ በምትኩ ውሃ የማያሳብጠው ገረጋንቲ እየሞላን በደንብ ልንረግጠው፣ ከላይ ድንጋይ ልንደረድር ተስማማን። ተስማማን እንጂ ዶማ የሚነሣበት ቀን ከየት ይምጣ? ማሩ አቦን አይሠራም። አብሮት የሚቆፍረው ምንዳዬ ሥላሴን አይነካም። አባባ ደግሞ ሚካኤልን፣ ኪዳነ ምሕረትን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን፣ መድኃኔ ዓለምን፣ አንዱንም አያስቀሩም። እኔም የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ በበዓል መሬት ይቆፈር አልልም። ግን ቅዳሜና እሑድ ሲጨመርበት ምን ቀረን? ሐጂ ዐብዱረሕማን እንኳ በአጥር አሻግረው «ልጄ ምሥራቅ፣ የእኛን ጁምዓም ጨምሩበትና ጨርሱት» ብለው ሳቁብኝ።

በዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ አንተ አለህ። ለገናና ለፋሲካ ካልሆነ ድምፅህ የማይሰማው ሰውዬ፣ ጉድጓዱ ከተቆፈረ ወዲህ በየማታው ትደውላለህ። ጥልቀቱ የት ደረሰ? ገረጋንቲው ውሃ እየጠጣ ተረገጠ ወይ? ማዕዘኑ ተለካ ወይ? ካምፓላ ተቀምጦ ጎንደር ላይ ፎርማን መሆን እንዴት ደስ ይላል! እዚህ ጭቃው የሚገባው እኔ ጫማ ውስጥ ነው።

የባሰው ግን የአባባ ነው። ማሩ ድንጋዩን ደርድሮ ሲጨርስ መጥተው በመቋሚያቸው ነካ ነካ ያደርጉና «ይኼ ያነክሳል፤ አንሡት» ይላሉ። ማሩ ወጥቶበት ቢዘል ድንጋዩ ንቅንቅ አይልም፤ እሳቸው ግን ያነክሳል ካሉ ያነክሳል። ይነሣል፣ እንደገና ይደረደራል። ሌላ ቀን ደግሞ መግቢያው ወደ ምሥራቅ ትንሽ ይዙር ይላሉ፤ ይዞራል። ማሩ መሪጌታን መቃወም ስለማይደፍር ትከሻውን ነቅንቆ ያፈርሳል።

አንድ ጠዋት ማሩ መሣሪያውን ይዞ ከመግባቱ አባባ በር ላይ ጠበቁትና «ዛሬ የአንድ ታላቅ ጻድቅ ፍልሰተ ዐፅም ነው፤ ዶማ አይነሣም» አሉት። ማሩ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አማትቦ ሄደ። አያ አምሐ፣ በዓላቱን በልጅነቴ በጣቴ ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ጻድቅ አልቆጠርንም። ማን የሚባሉ ጻድቅ ናቸው ብላቸው «ስማቸውን እግዚአብሔር ያውቀዋል» አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ማሕሌት የቆሙ ሰው በዓል ፈጠሩ!

ደሜ ፈላ። ከሰዓት በኋላ ዛሬስ ይዋጣልን ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። አባባና ሐጂ ዐብዱረሕማን እንደ ልማዳቸው በድንጋይ ክምሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ሐጂ «መሪጌታ፣ ምነው ይችን ልጅ አንገላቷት? ያስጨርሷት እንጂ» ሲሏቸው ሰማሁ። አባባም ቀስ ብለው «ሐጂ፣ ይህ ጉድጓድ ከተከፈተ ወዲህ የአምሐ ስልክም ተከፈተ። ማታ ማታ ድምፁን እሰማለሁ። ዓይኔ ሄዷል፤ የቀረኝ ጆሮዬ ነው። መሠረቱ አለቀ ያላችሁት ቀን ልጄ ምን ብሎ ይደውላል?» አሏቸው። እኔም የያዝኩትን ቁጣ ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

በእሳቸውም ተናደድኩ፣ በአንተም ተናደድኩ፤ ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እኔ አጠገባቸው ሆኜ መንገድ እመራቸዋለሁ፣ ልብሳቸውን አጥባለሁ፤ እሳቸው የሚጠብቁት የስልክ ድምፅ ነው። ይህም አናደደኝ፤ አልደብቅህም። ግን እውነታቸውን ነው። አንተ ስለ ድንጋይ ትጠይቃለህ እንጂ አንድ ቀን እንኳ «አባባ፣ እንዴት ዋሉ?» ብለህ ረጋ ብለህ አታውቅም። እሳቸው ግን ስለ ድንጋዩም ቢሆን ይሁን ብለው ተቀበሉህ።

ለነገሩ መሠረቱ አልቋል። ጾሙ ከገባ ወዲህ አባባ ቀትር ላይ ለቅዳሴ ሲሄዱ ማሩና ምንዳዬ ቀስ እያሉ ጨረሱት። ጠርዙ ድረስ የሞላ ብርጭቆ ውሃ መሐሉ ላይ አስቀመጥኩ፤ ጠብ አላለም። ከእንግዲህ ዋልካው ያብጥ፣ ይሰንጠቅ፣ እንደ ፍጥርጥሩ ይሁን። አባባ ከቅዳሴ ሲመለሱ ያው አወቁ። ዙሪያውን በመቋሚያቸው እየነኩ ዞሩት፤ ያነክሳል የሚሉት ድንጋይ አጡ። መሐሉ ላይ ትንሽ ቆሙና «ጥሩ ነው። ለአምሐ ግን አላለቀም በይው» አሉኝ።

እኔም አላለቀም አልኩህ። በዐቢይ ጾም፣ የመሪጌታ ልጅ፣ በመሪጌታ ትእዛዝ ዋሸሁ! ኡዘይር ይህን እስኪያደርስልህ ድረስም በየማታው እዋሻለሁ። ካነበብከው በኋላም «ገና ነው» ስልህ እንዳታሳጣኝ፤ «በርቱ» በለኝና ስልኩን ለአባባ ስጪያቸው በል። ምሰሶውን አሁን አላቆምም። ማሩ ምሰሶ ሲቆም ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል፤ እሱን ሰው ከመንገድ ጠርቼ አላመጣም። ለዳግም ትንሣኤም ቢሆን፣ ለክረምቱ መግቢያም ቢሆን ና። በአንተ ፈንታ የሚሆን ጎጆ ማሩም አይሠራው፤ አባባም አይቀመጡበት።

ፍሬን በጣም ናፍቃሻለች በልልኝ። መቅደላዊትን ግንባሯን ሳምልኝ፤ አማርኛ እንዳትረሳ፣ አንዳንድ ማታም ስልኩን ለእሷ ስጣትና አያቷን ታናግራቸው። ሐጂ ዐብዱረሕማንና እማማ ዙህራ ሰላም ብለውሃል። ማሩና ምንዳዬም ሰላም ብለውሃል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ጎጆው እየጠየቀ ሰላም ይልሃል።

አባባም ሰላም ብለውሃል። መሠረቱ ገና ነው ብለውሃል።

እህትህ ምሥራቅ አላምረው
ጎንደር፣ ቀሐ
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.