የሓድነቱ ቤቴና ፈቃዱን የተነጠቀው ልጄ

ዛሬ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. እኔ የሺወርቅ ደመላሽ፣ በመቐለ ከተማ የሓድነት ክፍለ ከተማ ነዋሪና ጡረተኛ መምህርት፣ ጉበቴ ቢታመምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በአልጋዬ ዙሪያ በተቀመጡት አራት ምስክሮች ፊት ይህን የመጨረሻ ፈቃዴን ተናግሬ አስጽፌአለሁ።

አንደኛ፦ በስሜ ከተመዘገበው ቤት በመንገድ በኩል ያሉት ሁለት ክፍሎች ለወይዘሮ ኣስካል ይሰጡ። ምክንያቱን ልናገር፤ በኋላ ሰው “ታማ ሳለች አታለሏት” እንዳይል። ከደብረ ብርሃን መጥቼ እዚህ ስኖር ቅርብ ዘመድ አልነበረኝም። በጦርነቱ ጊዜ፣ ባንክና ስልክ ተዘግቶ ሳለ፣ ጎረቤቴ ኣስካል ከልጆቿ በሶ ቀንሳ “ብዪ፣ ሓፍተይ፣ እኅቴ” እያለች አቆየችኝ። በኋላ ባሏ ሲሞት የባሏ ወንድም ቤቷን ሊወስድ ከሰሳት። “ልጄ ያስጥልሻል” ብዬ ወደ አንድ ልጄ ወደ ኤርሚያስ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ጠበቃ ነበር።

እርሱ ግን በመጀመሪያው ፍርድ ስትረታ ከከሳሹ መኪና ተቀብሎ የይግባኙን ጊዜ ዐውቆ አሳለፈው። ኣስካል ከቤቷ በወጣችበት ዕለት ዕቃዋን እኔ ግቢ አራገፈች። ኤርሚያስን ብጠይቀው፣ “እማዬ፣ ቤቱ መሄዱ አይቀርም ነበር፤ ቢያንስ እኛ እንጠቀም” አለኝ።

ይህንኑ ቃሉን ለጠበቆች የዲሲፕሊን ጉባኤ ነገርሁ። ሰብሳቢው “እናቱ ነዎት፤ ባይመሰክሩም ማንም አይፈርድብዎትም” ቢሉኝ፣ “ኣስካልም እናት ናት” አልኳቸው። የጥብቅና ፈቃዱ ተሰረዘ። የኣስካል ቤት ግን አልተመለሰም፤ ሌላ ሰው ገዝቶ ይኖርበታል። ኤርሚያስም ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠም።

ሁለተኛ፦ የኋላው ክፍልና የአባቱ መጻሕፍት የኤርሚያስ ይሁኑ። ከውርስ አልነቀልኩትም። የግቢው በር አንድ ነው፤ በገባ በወጣ ቁጥር ኣስካልን ያያታል። ይህን ዐውቄ ነው ያደረግሁት።

ሦስተኛ፦ ሬሳዬን መሸከም ካልፈለገ ማንም አይለምነው።

ይህን አስጽፌ ስጨርስ፣ መታመሜን ሰምቶ ኖሮ፣ ኤርሚያስ መጣ። ጸሐፊው ሠርክአዲስ ሲያነብ በሩ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። የኣስካልን ስም ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ልፈርም ስል፣ “ቆይ፣ ሠርክአዲስ” አለ። “በእናቴና በምስክሮቹ ፊት መነበቡ አልተጻፈም። እንዲህ ከተፈረመ ነገ እኔ ራሴ ላስፈርሰው እችላለሁ።”

“ታዲያ ለምን ነገርከን?” አልኩት።

እርሱ የጎደለውን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ጸሐፊውን አስጻፈና ጉልበቴን ሳይስም ወጣ። ይህም ይጻፍ ብያለሁ። ያስጻፈው ይህ ነው፦

“ይህ ኑዛዜ በተናዛዧና በአራት ምስክሮች ፊት በሙሉ ተነቧል፤ ተናዛዧም ፈቃዴ ነው ብለዋል።”

የተጨመረውም ዳግም ተነቦልን በዚሁ ዕለት ፈርመናል።

ተናዛዥ፦ የሺወርቅ ደመላሽ (ፊርማ)
ምስክሮች፦ መምህር ረዳኢ ገብረሕይወት (ፊርማ)፣ ወይዘሮ ረምላ ኢድሪስ (የጣት አሻራ)፣ አቶ ፍስሐ ንጉሠ (ፊርማ)፣ ወይዘሮ ራሄል ሀይሉ (ፊርማ)
ጸሐፊ፦ ሠርክአዲስ ከፋለ (ፊርማ)