እመት ቀንዶ የማን ናት?

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣ ለጋሼ ዘርይሁን፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይስ ዛሬም መሰላል ላይ እየወጣህ ታባብሰዋለህ? ባለቤትህ ተሻለችስ ከኦፕሬሽኑ ወዲህ በረታች? እህል ይበላላታል? ዮናታን ስንተኛ ክፍል ደረሰ? የድሬዳዋ ሙቀትስ እንዴት አድርጓችኋል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ልጄ ማያ በቁመት ጥላኝ ሄዳለች። እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም የሕንጻችን ሊፍት በተበላሸ ቁጥር አስራ አራት ፎቅ በእግሬ እየወጣሁ ያመጣሁት ጣጣ ነው። ደህና ነን ስልህ ግን ገላችንን ማለቴ ነው። በሆዴ የያዝኩትን ነገር ልጽፍልህ ስምንት ወር ሙሉ ወረቀት አንስቼ አስቀምጫለሁ።

ባለፈው ደብዳቤህ «እመት ቀንዶ ካናዳ ገብታ ከበረች መሰለኝ፣ ወሬዋ ጠፋ» ብለህ ቀልደህብኛል። ስቄ ሳልጨርስ እንባዬ መጣ። ለማያ ብለህ በየደብዳቤህ ጠርዝ የምትስላት፣ ያለ ቲኬት ጅቡቲ ድረስ በባቡር የምትሳፈረው፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ነጠላ ተከናንባ አሮጊት የምትመስለው ያቺ ፍየልህ፣ አልከበረችም። እኔ ነኝ ያዋረድኳት።

ፓርክዴል ሰፈር ባለው የካርቱን ስቱዲዮ ቀለም እንደምቀባ ታውቃለህ። ሌላው የሳለውን መስመር ከውስጡ ቀለም እሞላለሁ እንጂ እኔ መስመር አልስልም። ይህን ልብ በልልኝ። የስቱዲዮው ባለቤት ሊዮ ደብዳቤህን ጠረጴዛዬ ላይ አይቶ የሦስት ደቂቃ ፊልም ሲሠራላት፣ ጽፌልህ «እሰይ፣ ይጫወቱባት» ብለኸኝ ነበር። እስከዚያ ድረስ ደግ ነበር። ነገሩ የተበላሸው ጃፓኖቹ ሲመጡ ነው።

ከቶኪዮ አንድ ኩባንያ ፊልሙን አይቶ ወደደው፤ ለቴሌቪዥን ሃያ ስድስት ክፍል እንዲሠራ ፈለገ። ሚስተር ሂሩታ የሚባሉ ጠና ያሉ ሰው ተላኩ። የመጀመሪያ ቀን ስለ ሥራ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሊዮ እግሩን እያወዛወዘ «ሰውዬው መቼ ነው የሚጀምሩት?» ይለኛል በሹክሹክታ። «ዝም በል፣ እኛም አገር ሽማግሌ መጀመሪያ ስለ ዝናቡ ነው የሚያወራው» አልኩት። የስም ካርዳቸውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ እኔም እንዳሳደግኸኝ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ሊዮ ግን ባንድ እጁ ላፍ አድርጎ የኋላ ኪሱ ከተተውና ተቀመጠበት! ከዚያ በኋላ ሰውዬው ሲናገሩ የሚያዩት እኔን ሆነ። እኔም ኩራት ገባኝ፣ ምን ልዋሽህ።

በሁለተኛው ጊዜ ጥያቄ ይዘው መጡ። እዚያ አገር ካርቱን ሲሠራ አምስት ስድስት ኩባንያ ባንድ ኮሚቴ ይቀመጣል አሉን። አንዱ ፊልሙን ያሳያል፣ አንዱ አሻንጉሊቷን ይሠራል፣ አንዱ ደብተርና የምሳ ዕቃ ላይ ያትማታል። ትልቁ ገቢ ከቴሌቪዥኑ ሳይሆን ከአሻንጉሊቷ ነው። ስሟም ቶሎ በንግድ ምልክትነት መመዝገብ አለበት፤ አለዚያ ሌላ ሰው ቀድሞ ያስመዘግባትና በገዛ ፍየላችን ከደጅ እንቀራለን። ከሁሉ በፊት ግን ኮሚቴው አንድ ወረቀት ይፈልጋል። መጀመሪያ የሳላት ማነው? ለስቱዲዮው መስጠቱንስ በፊርማው አረጋግጧል?

ሊዮ «ወንድምሽ ይፈርምልን» አለኝ። እኔ ማሰብ ጀመርኩ። ደብዳቤው ሦስት ሳምንት፣ ውልና ማስረጃ ወረፋው፣ ትርጉሙ፣ ማኅተሙ። ተሻለች ሆስፒታል ተኝታ አንተ ደጅ የምታድርበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ባለ ሰዓት በወረቀት ላስቸግረው? አልኩ። ደግሞስ የወንድሜ የእኔ፣ የእኔም የእርሱ አይደለም? ከአንድ ትሪ በልተን ያደግን ሰዎች ነን። «የሳልኩት እኔ ነኝ» ብዬ ፈረምኩ። ሊዮ አንዴ ቀና ብሎ አየኝና «እርግጠኛ ነሽ?» አለ። «እኛ ቤት የአንተ የእኔ የለም» አልኩት። ማታ ለማያ ስነግራት ማንኪያዋን አስቀመጠችና «ማሚ፣ የአንክል ዘርይሁን ጎት እኮ ናት!» አለችኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የገባት ነገር ለእኔ አልገባኝም። አንቺ ምን ታውቂያለሽ ብዬ ተቆጣኋት።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እኔ መልቀምም አቃተኝ። ሚስተር ሂሩታ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ፣ ጠርዙ ወርቅማ የሆነ፣ አራት ማዕዘን ነጭ ካርቶን በጨርቅ ጠቅልለው አመጡ። በእነሱ ባህል ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ከወደደ የፈጠራትን ሰው ያስስላል፣ ያስፈርማል። «ለሊቀ መንበራችን የልጅ ልጅ፣ እመት ቀንዶን በእጅዎ» አሉና ብሩሹን በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። ሁሉም ከቦ ያየኛል። ጋሼ፣ ቀንዷን ጀመርኩ፤ ጆሮ ሆነ። እግሯን አወረድኩ፤ የተሰበረ ዱካ መሰለ። ነጠላዋን ልሸፍንበት ብል ቀለሙ ፈሰሰ። ሰውዬው አልሳቁም፣ አልጠየቁም። «ዛሬ ደክሞዎታል» ብለው ያንን ጉድ እንደ ከበረ ነገር ቀስ አድርገው ጠቀለሉት፤ ሌላ ንጹሕ ካርቶን ጠረጴዛዬ ላይ ትተው እጅ ነሥተው ወጡ። ሊዮ «ወደዱሽ!» አለኝ። እኔ ግን ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ የእኛው ይሉኝታ ነው። ያኔ እንኳ ተከትዬ ሮጬ እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፋክስ መጣ። ነገሩ ከባድ ስለሆነ ጥቂት እናጠናዋለን ይላል። ሊዮ «ገና እያጠኑት ነው» ብሎ ደስ አለው። «እስቲ እናያለን» የሚባልበት አገር ተወልጄ ትርጉሙ አይጠፋኝም። በዚያው ቀን አንተን ሳልጠይቅ በውሸት መፈረሜን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። ከዚያ «ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ» አለ እንጂ አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለቶኪዮ እውነቱን ጻፈ። መልሱ አጭር ነበር። ቦታው ለሌላ ፊልም ተሰጥቷል፤ ኮሚቴው ወረቀቱ በተሻረ ነገር ላይ ሁለተኛ አይቀመጥም፤ ስለ እውነቱ እናመሰግናለን። ሁለት ቀለም ቀቢዎች ከሥራ ተሰናበቱ፤ እኔም በሳምንት ሦስት ቀን ሆንኩ።

የሚያንገበግበኝ ግን እሱ አይደለም። ልጅ ሆኜ ቀለም ቆርቆሮ ይዤልህ ከዚራ ሰፈር ስንዞር፣ የሳልክለትን የዚያን ፀጉር አስተካካይ ታፔላ ታስታውሳለህ? ጥግ ላይ ስምህን በጥቃቅን ፊደል ስትጽፍ «ሱቁ የእኔ፣ ስሙ ያንተ? አጥፋው!» አለህ። አንተም ታፔላውን በነጭ ቀለም ደፍነህ፣ ገንዘቡን ሳትቀበል መሰላልህን ተሸክመህ ሄድክ። በዚያ ፀሐይ ቆርቆሮውን አንጠልጥዬ እየተከተልኩ ለምን አልኩህ። «ስሜን ከለመንኩ ምን ቀረኝ?» አልከኝ። ይህን የሰማሁ እኔ ነኝ ስምህን ሳልጠይቅህ ያጠፋሁት። ያ ሰው እንኳ ፊት ለፊት ነው የነገረህ።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት ታገኛለህ። አንደኛው፣ ፍየሏ ያንተ እንደሆነች፣ የእኔ ፊርማ ሐሰት እንደነበር ጠበቃ ፊት የፈረምኩት ነው፤ አንተ ዘንድ ይቀመጥ። ሁለተኛው፣ ሊዮ ከእንግዲህ ቢሠራት በአንተ ፈቃድ፣ በአንተ ስም ብቻ እንዲሆን የሚል ነው። ማያ ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ። የአሻንጉሊቷ ፈቃድ ለብቻው ነው እንጂ ከፊልሙ ጋር አብሮ አይሄድም። ካልወደድከው ቅደደው፤ አልቀየምም፤ መቀየም የሚገባህ አንተ ነህ።

ሚስተር ሂሩታ የተዉትን ነጭ ካርቶንም ልኬልሃለሁ። በዚያ አጭር መልስ መጨረሻ «ካርቶኑን ለባለቤቱ ይስጡልን» ብለው ነበር። ሳልስልባት ስምንት ወር መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳት። ለማንም መላክ የለብህም። ግን ከሳልክባት፣ አደራህን፣ ስምህን ጥግ ላይ አታሳንሰው።

ተሻለችን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ሕመሟን ለውሸቴ ምክንያት ስላደረግሁት እሷንም ይቅርታ በልልኝ። ዮናታንን ፀጉሩን አሻሽልኝ፤ ጫማው በሚቀጥለው መንገደኛ ይመጣለታል በለው። ጎረቤታችሁን እትዬ ስንታየሁን ብርቅዬ እጅ ትነሣለች በልልኝ። ማያ በእንግሊዝኛ የጻፈችልህ ከጀርባው አለ፤ እመት ቀንዶ ተይዛ ይሆን ወይስ ጅቡቲ ገባች ብላ ነው የምትጠይቅህ። እኔም ያንኑ ነው የምጠይቅህ።

ቀለም ቆርቆሮ ያዥህ፣
ብርቅዬ

ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን
መጋቢት 9 ቀን 1988 ዓ.ም.