ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ

ሐሙስ፣ መጋቢት 12 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ደረጃ አታብዢ ያለሽን ሐኪም ስሚው። እኛ ደህና ነን። አባትሽም ይበላል፣ ይተኛል፣ ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ ወደ ኮሌጁ ይሄዳል። ማክሰኞ ስትደውዪ “ድምፅሽ ምን ሆነ?” ብለሽ ስትወተውቺኝ ጉንፋን ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። በስልክ አልችልበትም ብዬ ነው።

የአባትሽ የእንጨት ሥራ ክፍል ተዘጋ።

ኮሌጁ እንዴት እንደተጀመረ ታውቂዋለሽ፤ ሰሞኑን ግን ለሰው ሁሉ እሱን ስደጋግም ነው የምውለው። የጨርቅ ፋብሪካው ሲዘጋ ሥራ የፈቱት ሰዎች ባዶውን መጋዘን ለምነው ወሰዱ። አንዲት ነርስ፣ አንድ የሒሳብ አስተማሪና አናጢው አባትሽ ነበሩ የጀመሩት። ወንበሩን ሰው ከየቤቱ ተሸክሞ አመጣ። መተዳደሪያ ደንቡ አንድ ገጽ ነበር፣ በእጄ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። “ሊማር የመጣ ሰው ወረቀት የለህም ተብሎ አይመለስም” ይላል ሁለተኛው አንቀጽ። የቦርዱን ዘጠኝ ሰዎችም የከተማው ሕዝብ ነበር የሚመርጣቸው። ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ይጨቃጨቁ ነበር፤ ግን ይተዋወቃሉ።

አሁን አምስቱን የሚመድበው የበላይ መሥሪያ ቤቱ ነው። ክፉ ሰዎች አይደሉም። በሰዓቱ ይመጣሉ፣ ሰላምታቸውም ያምራል። ከሰብሳቢው በቀር ግን ወርክሾፑ በየት በኩል እንደሆነ አያውቁም።

ሰኞ ጠዋት አዲስ መመሪያ ይዘው መጡ። የትምህርት ማስረጃ የሌለው ሰው አይመዘገብም፣ ከሠላሳ በታች የሚያስመርቅ ክፍልም ይዘጋል። የአባትሽ ተማሪዎች አሥራ አንድ ናቸው፣ ሰባቱ ምንም ወረቀት የላቸውም። ድምፅ ሲሰጥ አራት ለአራት ሆነና የሰብሳቢው ብቻ ቀረ።

ሰብሳቢው ማን መሰለሽ? ያ አባትሽ “ችኩሉ” የሚለው፣ እኛ ቤት እያደረ የተማረው። አንዲት ወረቀት ሳይኖረው ነው የገባው። እኔን ላለማየት ብርጭቆውን ሲያሽከረክር ቆየ። ከዚያ እጁን አወጣ፣ ይዘጋ ብሎ።

እኔ ድምፅ የለኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የተባለውን መጻፍ ነው ሥራዬ። “በአምስት ድጋፍና በአራት ተቃውሞ ተወስኗል” ብዬ ጻፍኩ። ፊደሌ እንኳን አልተዛነፈም፣ በሱ ነው የተናደድኩት።

ስብሰባው ሲያልቅ ሰብሳቢው ኮሪደሩ ላይ ሮጦ ደረሰብኝ።

“እትዬ፣ እምቢ ብል እኔን ያነሱኝና በሌላ ሰው ይዘጉታል።”

“እና?”

“እናማ ምን ላድርግ? ለጋሼስ ማን ይንገራቸው? እኔ ዓይናቸውን ማየት አልችልም።”

ልሰድበው ነበር። ዓይኑ ደም መስሎ ሳየው ግን ተውኩት። “ኮትህን ቆልፍ፣ ይበርድሃል” አልኩት። ከዚያ ሁሉ ቃል ይቺ ትውጣ?

ለአባትሽ ያንኑ ዕለት ምሳ ላይ ነገርኩት። ዳቦውን አስቀምጦ “እሺ” አለ። ማክሰኞ ቱታውን ሲለብስ እንደገና ነገርኩት፤ እንደ አዲስ ደነገጠ። ትናንትም እንደዚያው። ዛሬ ተውኩት። አንድን ሰው በየቀኑ እንዴት መርዶ አረዳዋለሁ?

ጠዋት አብሬው ሄድኩ። የወርክሾፑን በር ቁልፍ ቀይረውታል። እሱ የራሱን ቁልፍ እያገላበጠ ሞከረ፣ በቱታው ጠረገና ደግሞ ሞከረ። ጥበቃው የድሮ ተማሪው ነው። “ጋሼ፣ ታዝዤ ነው” ብሎ አንገቱን ደፋ፤ አግዳሚ ወንበርም አወጣልን። ወዲያው ከተማሪዎቹ ሦስቱ መጡ። የት ይሂዱ? አባትሽ ሲያያቸው ፊቱ በራ። “አርፍዳችኋል” ብሎ ተቆጣቸው፤ ከዚያ በባዶ እጁ፣ በወንበሩ ጠርዝ ላይ፣ መላጊያ እንዴት እንደሚያዝ ያሳያቸው ጀመር። አንዷ ደብተሯን አውጥታ ትጽፋለች። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ቦርሳዬን ከመያዝ ሌላ ምንም አላደረግኩም።

ሥራሽን ትተሽ ነይ አልልሽም። ብትመጪስ የተዘጋ በር ምን ታደርጊዋለሽ? ስለኛ አታስቢ፤ እንቅልፍሽን ተኚ። የሄድሽበት ይቅናሽ፣ የሚያዝንልሽ ሰው አይጥፋብሽ፣ ጤናሽ ይብዛልኝ።

እሁድ ስትደውዪ ግን ዝም ብለሽ “አባዬ” አትበይው። መጀመሪያ ስምሽን ንገሪው።

እናትሽ