ስልክ የማይገባበት ክፍል

ለውድ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጀርባሽስ እንዴት ነው፤ ጠዋት ስትነሺ የሚይዝሽ ውጋት ለቀቀሽ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? እኛ ደህና ነን። ልጄ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው «ሰ» ማለት ተስኗታል፤ ቤቱን በሳቅ ታፈርሰዋለች። አባቷም ያው ነው፤ ሥራ፣ ቤት፣ ኳስ። ዛሬ እሑድ ስለሆነ ሁለቱም ወጥተው ቤቱ የእኔ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ዕለት መልእክትሽ ደረሰኝ። «ሰላም ነሽ?» ብቻ። ከአራት ወር ዝምታ በኋላ ሁለት ቃል። ልመልስልሽ ጽፌ አጠፋሁ፤ ደግሜ ጽፌ ደግሜ አጠፋሁ። «እየጻፈች ነው» የሚለው ሲበራና ሲጠፋ አይተሽ ታዝበሽኝ ይሆናል። በስልክ አልሆን ሲለኝ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ስልኩን ቁምሳጥን ውስጥ ብርድ ልብስ ሥር ቀብሬዋለሁ። ይኸው ግን ጭኔ ላይ የነዘረኝ መስሎኝ ሁለቴ ኪሴን ዳበስኩ፤ የለበስኩት ቀሚስ ደግሞ ኪስ የለውም።

እንግዲህ ልናገረው። ያን ቀን ሰባት ጊዜ ደውለሽ ያላነሳሁት በሽተኛ ላይ ሆኜ አይደለም። ዋሽቼሻለሁ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ አለዚያ አይገባሽም።

አባባ ከወደቀና ግማሽ አካሉና አንደበቱ ከተያዘ ወዲህ፣ አንቺ እዚያ ስታገላብጪው፣ ስታጥቢው፣ በማንኪያ ስታጎርሺው፣ ከእኔ የሚጠበቀው ጸሎት ብቻ ነበር። በደወልሽ ቁጥር «በጸሎትሽ አስቢው» ትዪኛለሽ፤ እኔም «እየጸለይኩ ነው» እልሻለሁ። አልጸልይም ነበር። ልጸልይ እቀመጣለሁ እንጂ አልጸልይም። ጠዋት ለጸሎት እንዲቀሰቅሰኝ ስልኬ ላይ ደወል ሞልቻለሁ። ደወሉን ላጠፋ እከፍተውና በዚያው የዘመዶቻችንን ግሩፕ አያለሁ። አክስታችን አበባ ያለበት «እንደምን አደራችሁ» ልካለች፤ ከሥሩም «ይህን ጸሎት ለአሥር ሰው ያልላከ…» የሚል ማስፈራሪያ አለ። ለእሷ ልመልስ ስል ሌላው ይጎትተኛል። መለስ ስል አንዲት ሴት የቆሸሸ ምንጣፍ ስታጥብ እያየሁ ነው። ሃያ ደቂቃ! የማላውቃትን ሴት ምንጣፍ! ከዚያ ይረፍድብኝና እየሮጥኩ እወጣለሁ። አንድ ቀን አልጋው ሥር ተንበርክኬ፣ የስልኩ ብርሃን ፊቴ ላይ ሆኖ፣ ልጄ ድንገት ገባችና «እማዬ፣ እግዚአብሔር ምን ጻፈልሽ?» አለችኝ። ሳቅሁ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ሰው ተኝቶ ወደ ውስጥ የሚገባበት ትልቁ ኤም አር አይ ላይ ነኝ። ማሽኑ ሥራ ቢያቆምም ማግኔቱ አያርፍም፤ ስለዚህ ቁልፍ፣ የፀጉር ሽቦ፣ ቀበቶ፣ ስልክ፣ ሁሉም ከበሩ ውጭ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በቀን ስንት ጊዜ «ስልክዎን ያስቀምጡ» እላለሁ፤ ሰው ስልኩን ሲሰጠኝ አራስ ልጁን የሚያስረክብ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የበሽተኛውን አልጋ ላጸዳ ብቻዬን ገባሁ። የማቀዝቀዣው ፓምፕ ጭው ጭው ከማለቱ በቀር የሚጠራኝ ነገር የለም። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አባባ ከወደቀ ወዲህ በደንብ የጸለይኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ምሳዬን በአሥር ደቂቃ እየጎረስኩ በየቀኑ እገባ ጀመር። አብራኝ የምትሠራው ነርስ ደርሳብኝ «እዚያ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» ስትለኝ «እተኛለሁ» አልኳት። እጸልያለሁ ከማለት እተኛለሁ ማለት ቀለለኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ «እንቅልፋሟ» ትለኛለች።

አሁን ወደዚያ ሐሙስ ልምጣ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በቪድዮ ደውለሽ ጀርባውን፣ የተላላጠውን አሳየሽኝ። ቁስሉን ስታጸጂለት ያወጣው ድምፅ የአባባ አይመስልም ነበር። ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞርሽው፤ ድምፁ ግን መምጣቱን አልተወም። ያኔ አንቺ አንድ ነገር ተናገርሽ። ለእኔም ለእሱም አልነበረም። ቀስ ብለሽ፣ ትንፋሽ በሚያህል ድምፅ። ሰምቻለሁ። ከዚያ «በቃ፣ ነገ እደውላለሁ» ብለሽ ዘጋሽው።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬን መሳቢያው ውስጥ ጥዬ ገባሁ። እስከዚያ ድረስ ልመናዬ አንድ ነበር፤ «ማረው፣ አንደበቱን መልስለት።» ያን ቀን ግን ያንቺን ቃል ተውሼ «ውሰደውና አሳርፈው» ብዬ ለመንኩ። እንደዚያ ከልቤ ጸልዬ አላውቅም። ግንባሬን ወለሉ ላይ ደፍቼ አርባ ደቂቃ ቆየሁ። ስወጣ ቅልል ብሎኝ ነበር።

ሰባት ጥሪ። የመጀመሪያው ስድስት ሰዓት ከአርባ፣ የመጨረሻው ሰባት ሰዓት ከሁለት። ቀጥሎ የድምፅ መልእክትሽ፤ «አባባ ተናገረ! አንቺን እየጠራ ነው! የት ገባሽ፣ አንሺ እንጂ!» ከኋላሽ ደግሞ እሱ፣ በድሮው ድምፁ፣ በልጅነት ስሜ፣ ጥርት አድርጎ፣ «ሚጢጢስ የታለች?» ይላል። መልሼ ስደውል ያነሳው ባልሽ ነው። «እህትሽ አሁን መናገር አትችልም» አለኝ። አባባ እንዳረፈ ከዚያው ገባኝ።

ቀብር ላይ «የት ነበርሽ?» ስትዪኝ «ማሽን ውስጥ በሽተኛ ነበረኝ» አልኩሽ። «የሰው በሽተኛ!» አልሽና ፊትሽን አዞርሽብኝ። ያ ቃል አራት ወር ሙሉ አብሮኝ ሲበላ ሲጠጣ ከረመ። ያኔውኑ እውነቱን ብትነግሪኝስ ትዪ ይሆናል። እየጸለይኩ ነበር ብልሽ «ምን ብለሽ?» ብለሽ እንዳትጠይቂኝ ፈራሁ።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ ከእጄ አይወርድም። ሽንት ቤት እንኳ ይዤው ነው የምገባው። ጸሎቱማ «አባታችን ሆይ» እልና እዚያው ላይ አቆማለሁ። ያኔ ስልኩን አነሳና ምንጣፍ ሲታጠብ አያለሁ። ድሮ ጸሎቴን የሚነጥቀኝ ስልኩ ነበር፤ አሁን ግን ሮጬ የምሸሸግበት እኔው ነኝ።

አርብ ዕለት ግን ጨከንኩ። ስልኬን ለነርሷ ሰጥቼ «እህቴ ከደወለች በሩን ደብድቢው» አልኳትና ገባሁ። ሦስት ደቂቃ ሳልቆይ ወጥቼ «ደወለች?» አልኳት። አልደወለችም። ተመለስኩ፤ ደግሞ ወጣሁ። በሦስተኛው «ምን ሆነሻል አንቺ ሰው?» ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ። እንቅልፍ እንዳልሆነ ያኔ ነገርኳት። ስልኩን ኪሷ ከታ፣ ወንበሯን ጎትታ በሩ ላይ ተቀመጠች። እኔም ገብቼ የምሳ ሰዓቱ እስኪያልቅ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ምንም አልለመንኩም። የለመንኩት እንደሚሰማ ካየሁ ወዲህ አፌን መክፈት ያስፈራኛል፤ ግን ከዚያ ክፍል አልሸሸሁም።

የሦስት ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ፤ የፊታችን ቅዳሜ እመጣለሁ። እንደዚያ ቀን ፊትሽን ብታዞሪ እንኳ አልቀየምሽም። ያኔ የዞርሽው ከእኔ ብቻ እንዳልነበረ አሁን አሁን ይገባኛል። አንቺም ብቻሽን ልትጸልዪ ስትዪ አንደበትሽ እንደሚያዝ፣ ይህን አራት ወር ያልደወልሽልኝ በእኔ ተናደሽ ብቻ እንዳልሆነ እጠረጥራለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ይህን ወረቀት ቅደጂው። ካልተሳሳትኩ ግን እታለም፣ ሌሊቱን ስታገላብጪው ያደርሽው አንቺ ነሽ፤ ያንን ቃል ማለት ከማንም ይልቅ ላንቺ ይገባ ነበር።

እሱን ያነሱና ያስተኙ እጆችሽ ይባረኩ። ጀርባሽን ያሽርልሽ፤ እንቅልፍ ይስጥሽ። ባለቤትሽን ሳሚልኝ።

ከአንቺ ጋር አንድ ልመና የለመነች፣
ታናሽ እህትሽ