«ደህና ነኝ በለው» ላልሽኝ እናቴ

እማዬ፣ ከተለየሽን ሁለተኛው ፍልሰታ ገባ። አሁንም ነቀምቴ የተከራየናት ቤት ውስጥ ነን፤ ኪራሙ አልተመለስንም። ልጄ መሮጥ ጀምራለች፤ ቁጣዋ ቁርጥ ያንቺው ነው። አክብረሽ «አደ» ጫልቱ የምትያት የሆስፒታል ጓደኛሽም ደህና ናት፤ እሑድ እሑድ ትጠይቀናለች።

እሷን ባየሁ ቁጥር አብራችሁ የታመማችሁበት ጊዜ ይታወሰኛል። በአንድ ሳምንት ለጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደረገላችሁ፤ ጎን ለጎን ተኛችሁ፤ መድኃኒቱንም አብራችሁ ጨረሳችሁ። ተረፍን ተባብላችሁ ተቃቀፋችሁ።

ክትትሉ ላይ ግን ዕጣችሁ ተለያየ። እሷ ብቻዋን ትገባለች፤ የሆዷን በቋንቋዋ ተናግራ ትወጣለች። አንቺ የገበያውን ኦሮምኛ አሳምረሽ ታውቂው ነበር፤ የሕመሙን ግን አታውቂውም። ሐኪሙም ደግ ቢሆን አማርኛው ከሰላምታ አያልፍም። አስተርጓሚ የሚባል ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ እኔ ገባሁ። «ልጄ ምላሴ ነው» እያልሽ ተራ ለሚጠብቀው ሁሉ ትኮሪብኝ ነበር፤ ያውም በሹክሹክታ። ከኪራሙ ተፈናቅለን ከወጣን ወዲህ ሰው መሀል አማርኛ መናገር ትፈሪ ነበር።

ሐኪሙ ብብትሽን ያምሽ እንደሆነ ሲጠይቅ ነጠላሽን ሰብሰብ አድርገሽ መሬት መሬት ታያለሽ። «ደህና ነኝ በለው» ትይኛለሽ፤ እለዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም እያፈርኩ ጥያቄውን አሳጥሬ ነበር የምነግርሽ። እናት ለወንድ ልጇ ስለ ጡቷ ምን ብላ ታወራለች? እብጠቱ ሲመለስ ለአደ ጫልቱ ብቻ ነገርሻት፤ ለእኔ እንዳትነግረኝም አስማልሻት። መሐላው ከብዷት እያለቀሰች ስትነግረኝ ሕመሙ አጥንትሽ ገብቶ ነበር።

ተናድጄብሻለሁ እማዬ። ከአንቺ ይልቅ ግን በራሴ፤ ከራሴም ይልቅ አንዲት በቋንቋሽ የምትሰማሽ ሴት ባላስቀመጠልሽ ሆስፒታል።

አሁን የአደ ጫልቱ ቀጠሮ ሲደርስ አብሬያት እሄዳለሁ። ከኪራሙና ከጊዳ አያና የመጡ፣ እንዳንቺው አማርኛ ተናጋሪ የሆኑ እናቶች ወንድ ልጆቻቸውን አስከትለው ተራ ይዘው እናገኛቸዋለን። እሷ አማርኛም ስለምትችል፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃ ልታስተረጉምላቸው ከእናቶቹ ጋር ትገባለች፣ ያኔ ለአንቺ ያላሰብነውን፤ እኔ ልጆቹን ሻይ ልጋብዛችሁ ብዬ ይዣቸው እወጣለሁ። ባለፈው አንዱ እናቴ ምን አለች ብሎ ጨቀጨቀኝ። አላውቅም አልኩት፤ አንተም አትጠይቃት አልኩት።

እስካለሁ ድረስ የማስብሽ እንዲህ ነው፤ በሩን ዘግቼላቸው ውጭ በመቆም።

ልጅሽ