የተቆለፈው ክላሽ በልጅህ ሰርግ

አያሌው፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸኝ እነሆ ሦስተኛው ክረምት አለፈ። ቤታችን አንተ እንደተውኸው አይደለም። ጣሪያውን ቆርቆሮ አልብሰነዋል፤ የቢቸና መብራትም እኛ ጓሮ ደርሷል። ሞባይል ያዝሁ ብልህ ትስቅብኝ ይሆናል። ትልቁ ወሬ ግን ባለፈው ጥር ብርቱካንን መዳራችን ነው። ባሏ የሞጣ ልጅ ነው፣ አስተማሪ፤ ብታየው ትወደው ነበር።

ከውትድርና የተመለስህ ሰሞን ክላሽህን ፈታትተህ ሰፌዴ ላይ የዘረጋኸው ትዝ ይልሃል? እኔ ስጮህ አንተ ትስቅ ነበር። ሰፌዱ እስከዛሬ ዘይት ዘይት ይሸታል። ያን ቀን በግድ አስቀምጠህ አስተማርኸኝ። በቀኝ ጎኑ ያለው ረጅም ብረት፣ መቆለፊያው፣ ወደ ላይ ሲወጣ ጣት የሚስበውን ምላጭ ከውስጥ ያስረዋል፤ ጥይት የሚያጎርሰው ማቀባበያም ወደ ኋላ እንዳይሳብ መንገዱን ይዘጋበታል። የደጋገምህልኝ ነገር ግን አንድ ነው፤ መቆለፊያው ምላጭ ያስራል እንጂ ጥይት አያወጣም። ጥይት የሚሞላበት ካዝና ቢነቀል እንኳ የጎረሰው አንድ ጥይት ውስጥ ይቀራል።

በዚህ ጠባይህ ሰፈሩ ይቀልድብህ ነበር። ክላሽህን ሁልጊዜ ቆልፈህ ስለምትይዝ፣ ሰርግም ሆነ ለቅሶ ላይ ስለማትተኩስ፣ ፈሪው ይሉሃል። እኔም ውሃ ስቀዳ እሰማለሁ። አልነገርሁህም እንጂ አንጀቴ ያርር ነበር።

የሰርጉ ዕለት አጃቢዎቹ ከሞጣ በአውቶቡስ መጡ፤ አምስቱ ክላሽ አንግተዋል። ጠመንጃው የሚደገፈው ዳሱ ምሰሶ ላይ ነው፤ ሥሩ ደግሞ ሕፃናት ተኮልኩለዋል። አንተ ብትኖር በሩ ላይ ትቆም ነበር፤ ስለዚህ እኔ ቆምሁ። መጀመሪያ የመጡት የሙሽራው አጎት አቶ ምኒችል ናቸው። ካዝናውን ነቅለው ኪሳቸው ከተዋል፣ መቆለፊያውም ወደ ላይ ነው። ያንኑ አሳዩኝ። እባክዎን ማቀባበያውንም ይሳቡልኝ አልኋቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ሴት ፈትሻኝ አታውቅም፣ ልጃችንን ይዘን እንመለሳለን አሉ። ብርቱካን በመስኮት ታየኛለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የልጄን ትዳር በገዛ እጄ ላፈርሰው ነው ብዬ ፈራሁ፤ ከበሩ ግን ንቅንቅ አላልሁም።

እሳቸውም በንዴት መቆለፊያውን ቁልቁል አወረዱና ማቀባበያውን ሳቡ። ጥይቱ ተፈናጥሮ እግሬ ሥር ወደቀ።

አቶ ምኒችል ጎንበስ ብለው አነሱት፤ ወደ ሕፃናቱ ተመለከቱ። ይህን ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ። ስምህን ነገርኋቸው። ከዚያ አጠገቤ ቆመው የራሳቸውን ሰዎች ጠመንጃ አንድ በአንድ አስከፈቱ።

ምሳ ተበልቶ ፉከራው ሲጀመር ባዶ ክላሻቸውን ይዘው ተነሡ። ሰው የአባታቸውን ስም ይጠራሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ አይተውህ የማያውቁት ሰውዬ፣ የአያሌው ወንድም ብለው ፎከሩ! ፈሪው ሲሉህ የኖሩት ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ ከመቀመጫቸው ተነሡልህ። የሙሽራ እናት አታለቅስም ቢሉኝ ማን ሰምቷቸው፤ በኩራት አነባሁ።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ከወዲያኛው መንደር ሰርግ ተጠርቼ ሄድሁ። አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ቁርጥ እንዳንተ አድርጎ የእንግዳውን ጠመንጃ ያስከፍታል። ምን እያደረግህ ነው ብዬ እንዳላወቀ ሰው ጠየቅሁት። የአያሌው ሥርዓት ነው አለኝ።

አልረሳህም ብዬ ቃል ልገባልህ ነበር የተቀመጥሁት። አሁን ግን የማልረሳህ እኔ ብቻ አይደለሁም። ሌላው ቢተወው እንኳ፣ እግሬ እስከቆመ ድረስ እኔ በሩ ላይ ነኝ፤ ማን ነሽ ላለኝም መልሴ አንድ ነው።

የአያሌው ሚስት፣
የሺ