ለአያ ዳኛው ስንነሣ የተሰጠ ድምፅ

…ስለዚህ ሁላችንም ተነሣን። የተነሣነው ለአያ ዳኛው ነበር፤ ዘጠና ዓመታቸውን በከዘራ ደግፈው፣ አርፍደው ሲገቡ። «ኖር!» አልን። «በእግዜር፣ በእግዜር» አሉ።

ይቅርታ፣ ከሰላምታው ቀደምኩ።

የተከበሩ የቀበሌያችን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ አቶ ወልደኢየሱስ፣ ከዚህ በፊት የላክሁልዎ ሦስት ደብዳቤዎች እንዴት ሰነበቱ? እርስዎስ ከነቤተሰብዎ ደኅና ነዎት? ይህ አራተኛው ብቸኝነት እንዳይሰማው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።

፩ኛ. ሰፈራችን የምክር ቤት አባሉን በመረጠበት ዕለት «አቶ ጃቢርን የምትደግፉ ተነሡ» ባሉበት ቅጽበት አያ ዳኛው መግባታቸው የማንም ጥፋት አይደለም። ሽማግሌ ሲገባ ተቀምጦ መቅረትን አልተማርንም። «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ተጻፈ፤ ቆጠራው ስለቀለለልዎ ደስ ብሎኛል። እኔም ወንበሬን ለአያ ዳኛው ለቅቄ፣ ተጠባባቂ ሲፈለግ ብቻዬን ቆሜ በመገኘቴ ተጠባባቂ አባል ተደረግሁ። ስለ እምነትዎ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. አቶ ጃቢር ሸጋ ሰው ናቸው። ከዓመት በፊት የእህል ንግዳቸውን ይዘው ከቀበሌያችን ለቅቀው ማክሰኝት ከተማ ገብተዋል። በቃለ ጉባኤዎ ግን አንድም ስብሰባ አላመለጣቸውም። ተጠባባቂ የሚመረጠው አባሉ ሲጎድል እንዲተካ ይመስለኝ ነበር። አንዳንድ ጠዋት መመረጤን ራሴ እጠራጠርና ስሜን ከዚሁ ሰሌዳ ላይ ሄጄ አነባለሁ። ግማሹን ዝናብ ወስዶታል።

፫ኛ. ሐሙስ ምክር ቤቱ የሰፈራችንን የውኃ ቦኖ ለመዝጋት ድምፅ ይሰጣል። ከተዘጋ ጎረቤቴ ወይዘሮ ኩልሱም በዚያ ጉልበታቸው ዳገቱን ወጥተው ከላይኛው ቦኖ ሊቀዱ ነው። «ምነው ልጄ፣ አንተን የመረጥንህ ለመቼ ነው?» ይሉኛል። እርስዎ የሚያውቁትን መልስ እኔ ልፈጥርላቸው አልደፈርሁም። ለአንድ ቀን ብቻ፣ ለሐሙስ፣ በአቶ ጃቢር ወንበር ላይ እንድቀመጥ በትሕትና እለምናለሁ።

ወንበር እስኪሰጡኝ ድረስ ቆሜ የማከብርዎ፣
ተጠባባቂ አባል እንኳየሁ
ጎንደር፣ ጥር ፳፻፪ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ የዚህኑ ግልባጭ በእጄ ላቀብልዎ ዛሬ ማክሰኞ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የሐሙሱ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ አልቆ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛዎ ላይ አነበብሁት፤ አቶ ጃቢር ተገኝተዋል፣ መዘጋቱንም ደግፈዋል። እርስዎ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከመቀመጫዎም ተነሡ። ለእኔ የተነሡ መስሎኝ «በእግዜር» ልል አፌን ከፈትሁ። በሩን ዘጉት።